ፊደሉ የሚኖረው በየትኛው ማሽን ነው? የመስኮት ሥርዓት፣ የቤት ኮምፒውተርና የግዕዝ ጽሕፈት

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነው የገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ።)



የዛሬው ርእሴ መጀመሪያ ሲሰማ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው ርእስ ይመስላል። ከአርባ ዓመት በፊት በየሰው ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ በነበሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ላይ፣ ሩቅ ካለ ትልቅ ማሽን የሚመጣ ሥዕላዊ መስኮት እንዴት ይከፈት እንደ ነበር ነው የምነግራችሁ። ይህን ርእስ የመረጥሁት ግን በናፍቆት አይደለም። ጥቂት የጅጋ አካባቢ መምህራን አንድ ጥያቄ አቅርበውልኝ ነበር፤ «ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ልንረከብ ነው፤ አቅማቸው ደካማ ነው፤ ምን እናድርግባቸው?» የሚል። መልሱን ስፈልግ ወደ አሮጌው ነገር ተመለስሁ። እዚያም ስደርስ ከማሽኑ አቅም ይልቅ የሚያሳስብ ሌላ ጥያቄ አገኘሁ፤ እርሱም በርእሱ ላይ የተጻፈው ነው። አንድ ማስታወሻ ልጨምርና ልጀምር፤ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1983 በአሜሪካ አገር የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ኤምአይቲ የምንለው፣ ፕሮጀክት አቴና የሚባል ሥራ ጀመረ። ከሁለት የኮምፒውተር አምራቾች፣ ከአይቢኤምና ከዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን፣ ጋር በመተባበር ለተማሪው ሁሉ ኮምፒውተር ለማዳረስ የታሰበ ነበር። ችግሩ የሁለቱ አምራቾች ማሽኖች እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ መሆናቸው ነው። ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይ መስኮቱን መክፈት አይችልም። በዚያው ተቋም የነበሩት ቦብ ሻይፍለርና ጂም ጌቲስ መፍትሔውን በ1984 አመጡ። ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ፣ ፖል አሴንቴና ብራያን ሪድ የሠሩት «ደብልዩ» የተሰኘ የመስኮት ሥርዓት ነበር፤ ይህም ከፊደሏ በቀር ስም የለውም። በደብልዩ ፕሮግራሙ አንድ ትእዛዝ ይልክና መልስ እስኪመጣለት ቆሞ ይጠብቃል። ሻይፍለር መጠበቁን አስቀረው፤ ትእዛዞቹ መልስ ሳይጠበቅ እየተከታተሉ እንዲሄዱ አደረገ። ለአዲሱም ሥርዓት በላቲኑ ተራ ከደብልዩ ቀጥላ የምትመጣውን ፊደል ስም አድርጎ ሰጠው፤ ኤክስ። ዐሥራ አንደኛው እትም በሴፕቴምበር 1987 ወጣ። ዛሬም ኤክስ 11 ይባላል፤ ዐሥራ ሁለተኛ አልወጣለትም።

የኤክስ ዋና አሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ማሽንና መስኮቱ የሚታይበት ማሽን አንድ መሆን የለባቸውም። በሁለቱ መካከል ሽቦ አለ፤ በሽቦው ላይም ስምምነት የተደረገበት ቋንቋ ይሄዳል። ተማሪዎቼን በየዓመቱ የሚያደናግራቸው ስያሜው ነው። ሰርቨር ሲባል ሁላችንም የምናስበው በሌላ ክፍል፣ ምናልባትም በሌላ አገር የተቀመጠውን ትልቅ ማሽን ነው። በኤክስ ቋንቋ ግን ሰርቨሩ እፊታችሁ ያለው ነው፤ የሚያቀርበው አገልግሎት ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ስለ ሆነ። ሩቅ ያለው ትልቁ ማሽን ደግሞ ስክሪን ለምኖ የሚመጣ ደንበኛ ነው። እንግዲህ ቤት ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ማሽን ባለቤት ናት፤ ትልቁ ደጅ ጠኚ ነው። ይህን ሁልጊዜ እወድደዋለሁ።

በሽቦው ላይ የሚሄደው ምን ዓይነት መልእክት እንደ ሆነ ለማስረዳት ከእኛው አገር ምሳሌ ልውሰድ። ቁም ጸሐፊ ብራናውን ዘርግቶ፣ ብዕሩን ቀርጾ ተቀምጧል። ሌላው ሰው አጠገቡ ሆኖ ያስጽፋል። አስጻፊው የፊደሉን መልክ አይሥልም፤ ስሙን ብቻ ይናገራል። «ሀሌታው ሀ ነው ወይስ ሐመሩ ሐ?» ብሎ ጸሐፊው ቢጠይቅ «ሐመሩ» ይለዋል፤ በቃ። የፊደሉ መልክ በጸሐፊው እጅ ውስጥ አለ። በመጀመሪያው ኤክስ የነበረው አሠራር ይኸው ነው። ሩቅ ያለው ፕሮግራም «በዚህ መስኮት፣ በዚህ ነጥብ ላይ፣ ይህ ቁጥር ያለውን ፊደል ጻፍ» ይላል፤ የፊደሉን ሥዕል ከማኅደሩ አውጥቶ ስክሪኑ ላይ የሚያሳርፈው እፊታችን ያለው ማሽን ነው። ቅርጸ ፊደሉ፣ ማለትም ፎንቱ፣ የሚኖረው በእርሱ ዘንድ ነው። እዚህ ላይ አደራ ልበላችሁ፤ የዛሬው ገለጻዬ የሚመላለሰው በዚህች ነገር ዙሪያ ስለ ሆነ አትርሷት።

አሁን ወደ ቤት ኮምፒውተሮቹ ልውረድ። ኤክስ የታሰበው በጊዜው ውድ ለነበረ ማሽን ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ሲመኙ «ሦስት ሚሊዮን» የሚሉት መለኪያ ነበራቸው፤ አንድ ሚሊዮን ባይት ማኅደረ ትውስታ፣ አንድ ሚሊዮን ነጥብ ያለው ስክሪን፣ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ትእዛዝ። በ1985 ለቤት የተሸጠው አታሪ 520 ኤስቲ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር፣ ማኅደረ ትውስታው ግማሽ፣ 512 ኪሎ ባይት ነው። ባለ አንድ ቀለም ስክሪኑ 640 በ400 ነጥብ፣ ማለትም 256,000 ነጥብ ነው፤ የምኞቱ ሩብ መሆኑ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ቢት ስለምትይዝ ስክሪኑ በሙሉ 32,000 ባይት ይፈጃል። በዚያው ዓመት የወጣው የኮሞዶር ኩባንያ አሚጋ በቀለምና በድምፅ ከእርሱ የላቀ ነበር፤ ከዚህም በላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ብዙ ፕሮግራሞችን በአንድ ጊዜ ማስኬድ የሚችል ሥርዓት ነበረው።

እነዚህ ማሽኖች ኤክስን ይሸከማሉ ብሎ የገመተ ጥቂት ነው። ሆኖም ከአሚጋ የመጀመሪያ መሐንዲሶች አንዱ የነበረው ዴል ላክ ጂኤፍኤክስቤዝ በሚባል ድርጅቱ በኩል ኤክስ 11ን ለአሚጋ አቀረበ። ኮሞዶርም በ1990ዎቹ መግቢያ አሚጋ 3000ን ከዩኒክስ ጋር አድርጎ ሸጠ። በግል ኮምፒውተሩ ወገን ቶማስ ሮል ለ386 ማሽኖች የሚሆን የኤክስ ሰርቨር ጻፈ፤ ከእርሱም ሥራ በ1992 ኤክስፍሪ86 የተባለው ነጻ ቅጂ ተወለደ፤ ሊኑክስ መስኮት ያገኘው በዚህ ነው። በዚያው ዓመት ኳርተርዴክ የተባለ ኩባንያ በዶስ ላይ እንኳ ኤክስን የሚያስኬድ ዴስክቪው/ኤክስ የሚባል ምርት አወጣ። በእኛ አገር በዚያን ዘመን ኮምፒውተር የመሥሪያ ቤት ዕቃ እንጂ የቤት ዕቃ አልነበረም፤ አሚጋና አታሪ የሚባሉትን ስሞች ጅጋ ላይ የሰማ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ቢሆንም የእነርሱ ጣጣ የእኛም ጣጣ ነው፤ ደካማ ማሽን ይዞ የጠንካራውን ሥራ መቋደስ።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልሻም፤ ተማሪዎቼ ይህን ከዚህ ቀደም ሰምታችሁታል፤ ታገሡኝ። 258 የሚለው ቁጥር በሁለት ባይት ሲጻፍ 1 እና 2 ይሆናል፤ አንድ ጊዜ 256፣ ሲደመር 2። አሚጋና አታሪ የሚጠቀሙበት ሞቶሮላ 68000 ትልቁን ባይት አስቀድሞ፣ 1 ከዚያ 2 ብሎ ያስቀምጣል። የኢንቴልና የቫክስ ማሽኖች ግን ትንሹን አስቀድመው 2 ከዚያ 1 ይላሉ። ሁለቱ ሳይግባቡ ቢጻጻፉ 258 የተላከው 513 ሆኖ ይነበባል፤ መስኮቱም ከስክሪኑ ውጭ ይከፈታል። የኤክስ ፕሮቶኮል ለዚህ ያበጀው ብልኃት የሚደነቅ ነው። ደንበኛው ግንኙነት ሲከፍት የሚልካት የመጀመሪያዋ ባይት ይህንኑ ትገልጻለች፤ 66 ከሆነች ትልቁን አስቀዳሚ ነኝ ማለቱ ነው፤ 108 ከሆነች ትንሹን። ከዚያ በኋላ ሁሉን እየገለበጠ የሚያነብበው ማን ነው? ሰርቨሩ። ማለትም ድካሙ የወደቀው በዚያች ደካማ የቤት ማሽን ላይ ነው። ፊደሉንም የምትሸከመው እርሷ፣ ግልበጣውንም የምትሠራው እርሷ።

ፊደሉን በጠረጴዛው ማሽን ላይ ማኖር ለምን አስፈለገ? ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ 30 መስመር፣ በመስመር 50 ፊደል ይኑረው፤ 1,500 ፊደል ነው። በኤክስ ቋንቋ አንድ መስመር ለማስጻፍ 16 ባይት የትእዛዙ ራስጌ ይሄዳል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ደግሞ ሁለት ባይት። 16 እና 100፣ በ30 ሲባዛ 3,480 ባይት። በፊደሎቹ ስም ፈንታ ሥዕላቸው ቢላክስ? አንድ ፊደል 24 በ24 ነጥብ ቢሆን 576 ነጥብ፣ ማለትም 72 ባይት ነው፤ 1,500 ጊዜ ሲባዛ 108,000 ባይት። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቤት ውስጥ የነበረው ሞደም በሰከንድ 14,400 ቢት፣ በግምት 1,440 ባይት ያስተላልፋል። የማሸጊያውን ወጪ ብንተወው፣ በስም የተላከው ገጽ ከሦስት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፤ በሥዕል የተላከው ሰባ አምስት ሰከንድ ይፈጃል። ቃል በመልእክተኛ አፍ መላክና ብራናውን በበቅሎ ጭኖ መላክ ማለት ናቸው።

ነገር ግን ጸሐፊው ፊደሉን ካላወቀውስ?

ለላቲን ጽሕፈት ይህ ጥያቄ አልተነሣም፤ እያንዳንዱ ማሽን ያን ፊደል ይዞ ይወለዳል። ለግዕዝ ግን ተነሣ፤ የሚነሣውም በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ቁጥር ነው። 33ቱ ሆሄያት በሰባት ድምፅ 231 ናቸው። ቈን፣ ኰንና ጐን የመሳሰሉትን ዲቃሎች፣ እነ ሏንና ሟን፣ ቨን፣ ሃያዎቹን የግዕዝ ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቡን ስትጨምሩ ከ256 ያልፋል። አንድ ባይት የሚይዘው ደግሞ 256 ብቻ ነው፤ ግማሹም አስቀድሞ በላቲን ተይዟል። ለዚህ ነው በ1980ዎቹ በአሜሪካ ኢንጂነር ፍስሐ አጥላው በዳሸን ኢንጂነሪንግ አማካይነት ግዕዝን በግል ኮምፒውተር ለማስጻፍ ሲጥሩ፣ ከእርሳቸውም በኋላ ሌሎች ሲከተሉ፣ እያንዳንዱ የየራሱን የኮድ አቀማመጥ ለማበጀት የተገደደው። ይህ የእነርሱ ጥፋት አይደለም፤ ማሽኑ የሰጣቸው ቦታ ጠባብ ነበር። አማርኛው የጽሕፈት መኪናም በቁልፍ ማነስ ምክንያት ቅጥያዎችን ለብቻ እየመታ ፊደሉን ያሟላ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ።

በኤክስ ላይ ግን አንድ የተከፈተ በር ነበር። ከላይ ለአንድ ፊደል ሁለት ባይት ይሄዳል ብያለሁ፤ ላቲን ሁለት ባይት አያስፈልገውም። ፕሮቶኮሉ ባለ ሁለት ባይት ፊደልን የፈቀደው በሺህ የሚቆጠር ምልክት ላላቸው እንደ ጃፓንኛና ቻይንኛ ላሉ ጽሕፈቶች ነው። ግዕዝም በዚያው በር ገባ፤ ያስገቡትም ጃፓኖች ናቸው። በጃፓን ጹኩባ ከተማ የሚገኘው የኤሌክትሮቴክኒክ ላቦራቶሪ ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ብዙ ቋንቋ እንዲጽፍ ሲያደርግ፣ ሙል የሚል ስም በሰጠው በዚያ ሥራ ውስጥ ግዕዝን አካተተ። የላቦራቶሪው ባልደረባ ናኦቶ ታካሃሺ የግዕዙን ክፍል ጻፈ። ለኤክስ የሚሆኑ ቅርጸ ፊደሎችም በ16 እና በ24 ነጥብ ቁመት ተዘጋጁ። በ1997 የወጣው ኢማክስ 20 ይህን ሁሉ አቅፎ ወጣ። ሰላምታ በብዙ ቋንቋ የተደረደረበት የማሳያ ገጽ አለው፤ በዚያ ውስጥ አማርኛም አለ፤ በንጉሡ ሠ «ሠላም» ተብሎ ተጽፏል። የሰዋስው ሊቆቻችን «ሰ» በእሳቱ እንጂ ብለው ይቆጡ ይሆናል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ በየትኛውም ሰ ቢሆን ደስታዬ ያው ነበር።

በ1998 ባሕር ማዶ ተማሪ ሳለሁ በኪራይ ክፍሌ ውስጥ ሌላ ሰው የጣለው፣ 8 ሜጋ ባይት ማኅደረ ትውስታ ያለው 386 ኮምፒውተር ነበረኝ። ሊኑክስና ኤክስፍሪ86 ጭኜበት በስልክ መስመር ወደ ዩኒቨርሲቲው ማሽን እደውላለሁ። ኢማክስ የሚሠራው እዚያ ነው፤ መስኮቱ የሚከፈተው እኔ ዘንድ። ያንን የሰላምታ ገጽ ስከፍት ላቲኑ ይታያል፤ በግዕዙ ቦታ ግን ባዶ ሣጥኖች ተሰልፈዋል። በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ተቀምጬ ስከፍተው ፊደሉ ሁሉ አለ። ፕሮግራሙ አልተለወጠም፤ ጽሑፉ አልተለወጠም፤ የሚሄዱት ቁጥሮች እነዚያው ናቸው። የተለየው ጸሐፊው ነው። ቅርጸ ፊደሉን በዲስኬት ይዤ መጥቼ፣ ኤክስ ወደሚገባው ዓይነት ለውጬ፣ የፎንቱን መንገድ ለሰርቨሩ ካመለከትሁት በኋላ ሣጥኖቹ ፊደል ሆኑ። ስለ ኔትወርክ ከመማሪያ መጻሕፍት ካገኘሁት ይልቅ ያ ሌሊት የበለጠ አስተምሮኛል።

ሁለተኛው በኩል መጻፍ ነው። ማንበቢያው ፊደል በጠረጴዛው ማሽን ላይ ይኖራል ብያለሁ፤ መጻፊያው ግን የሚኖረው በሌላኛው ጫፍ ነው። ቁልፍ ስትጫኑ ሰርቨሩ የሚልከው «ይህ ቁጥር ያለው ቁልፍ ተጫነ» የሚል ወሬ ብቻ ነው። ቁልፎቹን አጣምሮ ግዕዝ የሚያደርጋቸው ሩቅ ያለው ፕሮግራም ነው። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ግዕዝን በላቲን ፊደላት የመወከያ ሥርዓት አዘጋጁ፤ በምኅጻረ ቃሉ ሴራ ይባላል፤ ስሙ በአማርኛ ሲሰማ ያስቃል፤ ሥራው ግን ከሴራ የራቀ ነው። ተነባቢው ብቻውን ሲጻፍ ሳድስ ይሆናል፤ አናባቢ ሲከተለው እንደ አናባቢው ይለወጣል። የከተማችንን ስም ውሰዱ። ጅጋን ለመጻፍ ሦስት ቁልፍ ይበቃል፤ ጄ፣ ጂ፣ ኤ። በእንግሊዝኛ ጽሕፈት እንደተለመደው በመካከሉ አይ ብትጨምሩበት የሚወጣው «ጂጋ» ነው። ኤክስ የምትባለው ፊደል ራሷ በዚህ ሥርዓት የምትወክለው ሸን ነው። ዛሬ የኤክስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለኢትዮጵያ አማርኛ የተመደበ የቁልፍ ማጣመሪያ ሰንጠረዥ አለ።

እንግዲህ አንድ አማርኛ ቃል በኤክስ ላይ ለመጻፍ ሁለት ማሽኖች ግዕዝ ማወቅ አለባቸው፤ ሩቅ ያለው የመጻፊያውን ሕግ፣ ቅርብ ያለው የፊደሉን መልክ። ከሁለቱ አንዱ ካላወቀ ጽሕፈቱ ይቆማል።

በተቃራኒው መንገድ የሄዱም አሉ። በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ በሚገኝ የምርምር ላቦራቶሪ በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራው ቪኤንሲ የስክሪኑን ነጥቦች ራሳቸውን ይልካል። እፊታችን ያለው ማሽን ስለ ፊደል ምንም ማወቅ አያስፈልገውም፤ ሩቅ ያለው ግዕዝ ካወቀ እዚህም ይታያል። የተጻፈውን ብራና በበቅሎ መላክ ማለት ይህ ነው፤ ከባድ ነው፤ ግን አይሳሳትም። የዚህ መንገድ ቀላልነት የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየት ስዊድናዊው አዳም ደንከልስ በ2003 ያወጣውን ኮንቲኪ ተመልከቱ። በ1982 በወጣው ኮሞዶር 64 ላይ፣ 64 ኪሎ ባይት ማኅደረ ትውስታና በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ምት ባለው ማሽን ላይ፣ መስኮቶችን፣ የኢንተርኔት ፕሮቶኮልን፣ ድረ ገጽ ማያንና የቪኤንሲ ሰርቨርን አስኬደ። የዚያች ማሽን አንድ ፊደል 8 በ8 ነጥብ ነው። በስምንት ነጥብ ጨን ከጩ ለይቶ መሣል ይቻል እንደ ሆነ ለተማሪዎቼ እንደ ቤት ሥራ ሰጥቼ አውቃለሁ፤ የተሳካላቸው አሉ፤ ለማንበብ ግን ዐይን ይፈልጋል።

በዚህ አዳራሽ ያሉ ብዙዎች ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ትምህርት ታስታውሳላችሁ። ሥዕል በሳተላይት ይመጣል፤ ክፍሉ ያያል፤ የተማሪው ጥያቄ ግን ተመልሶ አይሄድም። መምህሩ ሊያብራራ ሲነሣ ሥርጭቱ ቀጥሏል። የመስኮት ሥርዓት ከዚህ የሚለየው ወሬ በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሄድ ነው፤ የቁልፍ ምትና የማውስ እንቅስቃሴ ወደ ፕሮግራሙ ይመለሳል። ሆኖም ሁለት አቅጣጫ ማለት መጠበቅ ማለትም ነው። በሳተላይት በኩል አንድ ጥያቄ ሄዶ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ ብርሃንም ከዚህ አይፈጥንም። አንድ ፕሮግራም ሲከፈት መልስ የሚያስፈልጋቸው መቶ ጥያቄዎች ቢኖሩት ሃምሳ ሰከንድ ትቀመጣላችሁ። በአንድ ግቢ ውስጥ በተዘረጋ ሽቦ ግን አንዱ ምልልስ ከሺህ አንድ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ መቶው ተደምሮ ዐይን ከመጨፈን አያልፍም።

የጅጋ መምህራን ላነሡት ጥያቄ መልሴ ከዚህ ይነሣል። ያገለገሉትን ኮምፒውተሮች እያንዳንዱን ለብቻው ሙሉ ማሽን ለማድረግ አትድከሙ። ያላችሁን ገንዘብ በአንድ ደኅና ማሽን ላይ አውሉት፤ ፕሮግራሞቹ ሁሉ እዚያ ይሥሩ፤ ሃያዎቹ አሮጌዎች መስኮት ብቻ ይክፈቱ። በሊኑክስ ላይ ለዚህ የሚሆን ነጻ ሥርዓት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ፤ ኤልቲኤስፒ ይባላል፤ አሮጌዎቹ ሃርድ ዲስክ ባይኖራቸው እንኳ በኔትወርክ ይነሣሉ። ኢንተርኔት አይጠይቅም። የኢንተርኔት አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል ለዚህ አካባቢ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ይህ ግን በግቢው ሽቦ ብቻ ይሠራል።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ፤ ይህን አሳብ የሚያቀርቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘልሉታል። ደኅናው ማሽን ከተበላሸ ሃያው ሁሉ ይጨልማል። መብራት ሲጠፋም እርሱን በባትሪ ማቆየት ብቻውን አይበቃም፤ ስክሪኖቹም አብረው ይጠፋሉ፤ ቢያንስ ግን የተማሪዎቹ ሥራ ሳይጠፋ ይቆያል። ቪዲዮም አትመኙ። 1,024 በ768 ነጥብ ያለው ባለ ቀለም ስክሪን በአንድ ምስል 2.4 ሚሊዮን ባይት ያህል ነው። በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት የሚያልፍበት ሽቦ 12.5 ሚሊዮን ባይት ያህል ይሸከማል፤ ለአንድ ተማሪ እንኳ በሰከንድ አምስት ምስል ብቻ፤ ለሃያ የሚታሰብ አይደለም። ለጽሑፍ፣ ለሠንጠረዥ፣ ለፕሮግራም ትምህርት ግን ከበቂ በላይ ነው። የገንዘቡን ጉዳይ ለሚመለከተው የትምህርት ጽሕፈት ቤት እተወዋለሁ።

ወደ ፊደሉ ልመለስ። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ግዕዝ 345 ምልክቶቹን ይዞ ገባ፤ 384 ቦታም ተከለለለት። ከዚያም በ2000 ገደማ ኪት ፓካርድ የኤክስን አጻጻፍ የሚለውጥ ሥራ ሠራ። ቅርጸ ፊደሉ ከጠረጴዛው ማሽን ተነሥቶ ፕሮግራሙ ወደሚሠራበት ማሽን ተዛወረ። ፕሮግራሙ የፊደሉን ሥዕል አንድ ጊዜ ይልካል፤ ሰርቨሩ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሄደው ቁጥሩ ብቻ ነው። አስጻፊው ለማያውቀው ፊደል ናሙናውን አንድ ጊዜ ለቁም ጸሐፊው አሳይቶ፣ ቀጥሎ «ያንን» እያለ እንደሚያስጽፈው ማለት ነው። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከሃያዎቹ አሮጌ ማሽኖች አንዱም ግዕዝ ባያውቅ፣ ደኅናው ማሽን ካወቀ ይበቃል፤ ፎንት የሚጫነው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

የቀረው ችግር ከዩኒኮድ በፊት የተጻፈው ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ የተጻፈው አማርኛ በአብዛኛው በየራሳቸው የኮድ አቀማመጥ በተሠሩ ፎንቶች የተጻፈ ነው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተዝረከረከበት ነገር ይታያል። የመመረቂያ ጽሑፎች አሉ፤ ቃለ ጉባኤዎች አሉ፤ የቀበሌ መዛግብት አሉ። ቁጥሮቹ እንዳሉ ናቸው፤ የጠፋው ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚመልሰው ነው። እርሱ ያለው ደግሞ ጽሑፉ በተጻፈበት በዚያው አሮጌ ማሽን ውስጥ ነው። እናንተ የምትረከቧቸው ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ከየት እንደመጡ አስቡ፤ ከመሥሪያ ቤት ነው የሚመጡት። የተለመደው አሠራር ማሽኑ ገና ከመኪና እንደ ወረደ ዲስኩን መሰረዝ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ከመሰረዛችሁ በፊት የፎንቶቹን ማኅደር ወደ አንድ ፍላሽ ገልብጡ፤ ከጥቂት ሜጋ ባይት አያልፍም፤ ለአንድ ማሽን ዐሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሰነዶቹን አትንኩ፤ እነርሱ የመሥሪያ ቤቱ ናቸው፤ ባለቤቱ ይጠየቅባቸው። በእያንዳንዱ ፍላሽ ላይ ማሽኑ ከየት እንደመጣና በስንት ዓመተ ምሕረት ይሠራ እንደ ነበር ጻፉበት። የትኛው ፎንት የትኛውን ኮድ እንደሚጠቀም ሰንጠረዡን የማውጣቱን ሥራ የዚህ ፋኩልቲ ተማሪዎች እንዲወስዱት አድርጌአለሁ፤ ሦስቱ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ሲወጡ ያዟቸው።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ያለውን አሮጌ ላፕቶፕ ላብራው። ሃርድ ዲስኩን አውጥተነዋል፤ ግዕዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ፕሮግራሙ ያለው ከአዳራሹ በስተኋላ በተቀመጠው ማሽን ነው። ከፍኖተ ሰላም የመጡት መምህርት ቢፈቅዱልኝ መጥተው በኪቦርዱ የትምህርት ቤታቸውን ስም ይጻፉልን፤ እርስዎ እየጻፉ ሳለ እኔ ጥያቄ እቀበላለሁ።